በፍታት የተጠራ ስም

መካነ ኢየሱስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አንዳርጌ
ንፋስ መውጫ

እንደምን ሰነበቱ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የጉልበቴን ነገር ስለጠየቁኝ፣ ጉልበቴ ያው ነው፤ ሽቅብ ስወጣ ያመኛል፣ ቁልቁል ስወርድ ይብስበታል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጀላል መኪና ነው። ጀላልን ያውቁታል፣ እህል ነጋዴው። ባሌ መምህር ይግዛው ጡረታ ከተከለከለ በኋላ እስኪሞት ድረስ የእሱን መጋዘን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ይህንንም ያውቃሉ። በዚያ በኩል ሲያልፉ ፊትዎን ወደ ማዶ ያዞሩ ስለነበር፣ ማወቅዎን አውቃለሁ።

ስልክ ስላላነሳሁልዎት ቅር እንዳይልዎት። ይግዛው ከቢሮዎ በር ላይ ቆሞ "አንድ ጊዜ ላናግርህ" ሲልዎት "በቃል የመጣ አቤቱታ አናይም፣ በጽሑፍ ይቅረብ" ብለውት ነበር። ጥሩ ደንብ ነው። እኔም ከእርስዎ ጋር በጽሑፍ ይሁንልኝ ብዬ ነው።

የጻፉልኝን ደግሜ አነበብኩት፣ እውነት እርስዎ ነዎት ብዬ። የተረዳሁትን ልጻፍና ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። እርስዎና ይግዛው ከቅኔ ቤት እንደወጣችሁ ስማዳ ቆላው ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ለመምህርነት ተቀጠራችሁ። ጸሐፊው ስም ሲጠይቅ ሁለታችሁም የክርስትና ስማችሁን ሰጣችሁ። የቅኔ ተማሪ ወላጆቹ ያወጡለት ሌላ ስም እንዳለው መች ትዝ ይለዋል። እርስዎ ክንፈ ገብርኤል፣ እሱ ገብረ መድኅን ተብላችሁ ተጻፋችሁ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ቦታ ስትቀጠሩ ግን በዓለም ስማችሁ አዲስ ፋይል ተከፈተላችሁ። አሁን ጡረታዎ ሲሠራ የክንፈ ገብርኤል አገልግሎት ለአንዳርጌ አልታሰብም ተባለ። ያለ እሱ ዘመንዎ አይሞላም፤ የተቆረጠብዎትን መዋጮ መልሰው በዚያው ሊያሰናብቱዎት ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚመሰክር የዚያ ትምህርት ቤት ባልደረባ ያምጡ ተብለዋል። ዳይሬክተሩ ሞቷል። ይግዛው ሞቷል። የቀሩትም ተበትነዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ።

እንግዲህ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የይግዛው ጡረታ በዚሁ በሁለት ስም ምክንያት ሲያዝ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ማን ነበር? ዕድሜ ነውና ስሙ ጠፍቶብኝ ነው።

አክባሪዎ
ወለተ ሥላሴ


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለመምህርት ወለተ ሥላሴ

ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኔ በጤና በኩል ቅሬታ የለኝም። በቅድሚያ "እርስዎ" ብለሽ ስለጻፍሽልኝ የተሰማኝን ኀዘን ልገልጽልሽ እወዳለሁ። ስማዳ ሳለን አንድ ግቢ ተከራይተን፣ ሦስታችን ከአንድ ትሪ ስንበላ የነበርን ሰዎች ነን። ያን ጊዜ "አንተ ክንፌ፣ ጠመኔዬን መልስ" ነበር የምትይኝ። እባክሽ እንደ ድሮው አንተ በዪኝ።

ላቀረብሽው ጥያቄ፣ ኃላፊው እኔ እንደነበርኩ ይታወቃል። ሆኖም ጉዳዩ በጊዜው ከነበረው አሠራር ጋር መታየት ይኖርበታል። ሁለት ስም ቀረበልኝ፤ ሁለት ስም ደግሞ ሁለት ሰው ነው። የአባታቸው ስም አንድ ቢሆንም ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። አንቺ ልትመሰክሪ መጣሽ፤ ሚስት ለባሏ ስትመሰክር ተቀባይነት የለውም። እኔ ያልኩት ይኸንኑ ነው። በግል የያዝኩበት ቂም አልነበረም። በስብሰባው ላይ ስለ አዳራሹ መዋጮ የተናገረኝንም በማግስቱ ረስቼዋለሁ።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። በግምገማ ከሥራ ከተነሳሁ ወዲህ ልጄ ብሩክታዊት ቤት ነው ያለሁት። እሷ ክፉ አይደለችም። ባልዋ ንጉሴም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ሬዲዮኑን ይዘጋል። ለባጃጅ የምትሆን ሳንቲም ከልጄ እቀበላለሁ። ለቤተ ክርስቲያን የምሰጣትንም ከእሷው እቀበላለሁ። ባለፈው እሑድ ለምኜ ያገኘሁትን ለለማኝ ስሰጥ ራሴን ታዘብኩት። ጡረታዬ ከተፈቀደልኝ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በራሴ ቁልፍ ገብቼ እወጣለሁ። የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው። እሱም ባንቺ አንድ ቃል ላይ ቆሟል።

ወንድምሽ
አንዳርጌ


መካነ ኢየሱስ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አንዳርጌ

እንደምን ከረሙ። መልሱ የዘገየው ጤፍ ስናስወቃ ነው ብልዎት ያምኑኝ ይሆን? እርሻ እንደሌለኝ ያውቃሉ። ሆን ብዬ አስቆይቼው ነው። ይግዛው የእርስዎን መልስ ሲጠብቅ ክረምት ገብቶ ይወጣ ነበር። እርስዎም ትንሽ ጥበቃውን ይቅመሱት ብዬ ነው።

አንተ በዪኝ ላሉኝ፣ ጊዜው ሲደርስ እልዎታለሁ።

ስለ አዳራሹ መዋጮ እኔ አላነሳሁም፤ እርስዎ ነዎት ያነሱት። ረስቼዋለሁ ያሉትን ነገር ሳልጠይቅዎ ስላነሱት ደስ ብሎኛል። እኔም አልረሳሁትም። መምህሩ ሳይጠየቅ ከደመወዙ ሲቆረጥ ከረመ፤ አዳራሹ ግን ከመሠረቱ በላይ አልወጣም። ይግዛው ተነሥቶ "ገንዘባችን የት ደረሰ፣ መቁረጡንስ ማን ፈቀደላችሁ?" አለ። መድረኩ ላይ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። ሌላው መምህር ጫማውን ሲያይ ነበር። በዓመቱ የጡረታው ነገር መጣ።

አሁን ደግሞ ስለ ሁለት ስም እንነጋገር። እኔ ቤተ ክርስቲያንም መንግሥትም የሚያውቁኝ በአንድ ስም ነውና በዚህ ነገር ተፈትኜ አላውቅም። ይግዛውን ግን "ይግዛውን አውቃለሁ፣ ገብረ መድኅን የሚባል መምህር አላስታውስም" ብለው መለሱት። አብራችሁ ቆሎ ለምናችኋል። አንድ ደበሎ ለብሳችሁ አድራችኋል። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ አልተቆጣም፤ "ምናልባት እውነት ረስቶት ይሆናል" አለኝ።

ቀብሩ ላይ መጥተው ነበር። ከጥዱ ሥር ቆመው አየሁዎት። ቄስ ቀለመወርቅ "ነፍሰ ገብርከ ገብረ መድኅን" እያሉ ሲፈቱት አገሩ ሁሉ ሰማ። ይግዛው ብሎ የጠራው አልነበረም። እርስዎም ስሙ በተጠራ ቁጥር ያማትቡ ነበር። ከሙሾው ይልቅ ያን እጅዎን ነበር የማየው። አላስታውሰውም ላሉት ሰው ነበር ነፍስ ይማር የሚሉት።

እኔ የምለው ይኸ ነው። መጀመሪያ እሱ ይቅደም። ጡረታ ቢሮ ይሂዱና ገብረ መድኅንና ይግዛው አንድ ሰው እንደነበሩ ቃልዎን ሰጥተው ይፈርሙ። ከዚያ የእርስዎ የምስክር ቀን መቼ እንደሆነ ይጻፉልኝ። እመጣለሁ።

ወለተ ሥላሴ


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

እህቴ ወለተ ሥላሴ

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብሩክታዊት "አባዬ ምን ሆነህ ነው" ትለኛለች፤ የጨጓራ ነው እላታለሁ።

እውነቱን ልጻፍልሽ። ቂም አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ከማስተማር ወጥቼ በደርግ ጊዜ ካድሬ እንደነበርኩ ታስታውሺያለሽ። ያን ጊዜ የምጠራው ክንፈ ገብርኤል ተብዬ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ያንን ስም ጥዬ በአንዳርጌ ተቀጠርኩ፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ገብረ መድኅን ማለት ይግዛው ነው ብዬ ብፈርም "አንተ እንዴት አወቅህ?" እባላለሁ። አብረን ተቀጥረን ነው ካልኩ ደግሞ "በምን ስም ተቀጠርክ?" ይመጣል። ለውጡ ሲመጣ ካድሬ ነበር ተብሎ ስንቱ እንደታሰረ አንቺም ታውቂያለሽ። ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ።

አሁን ይህ ሁሉ አልፏል፤ ክንፈ ገብርኤል ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግን አሁን ለይግዛው ብመሰክር፣ ያኔ እያወቀ ከለከለ ይሉኛል። ስሜ ይጠፋል። ሌላ መንገድ እንፈልግ። ጡረታዬ ሲፈቀድ እየከፈልኩ ለይግዛው ደህና ተዝካር አወጣለሁ። ካህናቱን ሁሉ እጠራለሁ። አንቺንም በየወሩ እረዳሻለሁ። ለዚህ በሥላሴ እምልልሻለሁ።

አንዳርጌ


መካነ ኢየሱስ፣ የካቲት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አንዳርጌ

ተዝካሩ ይቅርብዎ። የይግዛው ተዝካር ወጥቷል። ጀላል ሰንጋውን ገዝቶ ለክርስቲያን አሳርዶ፣ እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ። የሌላ ሃይማኖት ሰው ያደረገውን የቅኔ ቤት ወንድሙ ሊያደርግለት አሁን ትዝ አለው።

ፈራሁ ብለው ጽፈዋል። እኔ ደግሞ እርስዎ የማያውቁትን ልጻፍልዎ። ያ ጭንቀትዎ፣ ያ የካድሬነትዎ ነገር፣ ይግዛው ቤት በየቀኑ የሚነሣ ወሬ ነበር። የማነሣው እኔ ነኝ። "ሂድና ክንፈ ገብርኤል ይኸ ነው በላቸው፣ በማግስቱ ከወንበሩ ይነሣል፣ ያንተም ጡረታ ይወጣል" እለው ነበር። አልሄደም። "ልጆች አሉት" ይለኝ ነበር። እርስዎ ያንን ወንበር የተቀመጡበት እሱ ዝም ስላለ ነው። እሱ አፉን ዘግቶ እርስዎን አስቀመጠ፣ እርስዎ አፍዎን ዘግተው እሱን መጋዘን በር ላይ አስቀመጡት።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ስሄድ አንድ የድሮ ተማሪው፣ ባንክ የሚሠራ፣ "ቲቸር" ብሎ ሮጦ መጥቶ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ። ይግዛው ዱላውን ወደ ኋላው ደበቀ። ልጁም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ልጁ ከሄደ በኋላ ባሌ ምሳውን አልበላም፤ "አንቺ አትምጪ፣ እኔ ቤት መጥቼ እበላለሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልበላ ብሎ ነው ሰውነቱ ያለቀው እንጂ ሐኪሙ ያለው በሽታ አይደለም። እኔ ነኝ የማውቀው።

ስሜ ይጠፋል ይላሉ። ይጥፋ። የእሱን ስም ሲያጠፉት ቀለም እንኳ አላባከኑም።

ሌላ መንገድ የለም። ቢሮው የዓመቱን በጀት ሳይዘጋ ቢሄዱ ይሻላል ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ የያዙት ሁሉ ለሚመጣው ዓመት ይገፋል አሉ። ይኼን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ይግዛውን በዚሁ እየገፉ ነው ያከረሙት።

ወለተ ሥላሴ


ንፋስ መውጫ፣ ግንቦት 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

እቴ ወለተ ሥላሴ

ሄጃለሁ። ፈርሜያለሁ። ገብረ መድኅን የተባለው ይግዛው ነው፣ ከቅኔ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ በአንድ ቀን ተቀጥረናል ብዬ ቃሌን ሰጠሁ።

የተቀበለኝ በረከት የሚባል ወጣት ነው። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ "ታዲያ ያኔ ኃላፊ ሆነው ለምን አልተናገሩም?" አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሠራተኞች ነበሩ፤ መጻፋቸውን አቁመው አዩኝ። ልጁ ቀጥሎ "ጋሽ ይግዛው ስድስተኛ ክፍል አስተምረውኛል" አለና ወረቀቱን ከፊቴ አነሣው። ወንበር አልሰጠኝም። ቆሜ ነው የገባሁት፣ ቆሜ ነው የወጣሁት። አንቺ እንዲደርስብኝ የፈለግሽው ይህ ከሆነ ደርሶልሻል። ፋይሉ ተዋሕዶ የተተኪ አበል ላንቺ እንዲወሰን ለበላይ ተልኳል ብሎኛል።

የኔ ቀን ሰኔ 19 ነው፣ ጠዋት። ደብረ ታቦር ድረስ በመምጣትሽ ስለሚደርስብሽ እንግልት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመኪናሽን ሒሳብ ብሩክታዊት ትችላለች። ክፍል አይቻለሁ፣ ከገበያው በላይ፣ ትንሽ መስኮት ያላት። አከራይዋ እስከ ሐምሌ አቆይልሃለሁ ብላኛለች። እባክሽ እንዳትቀሪብኝ።

ክንፌ


መካነ ኢየሱስ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2005 ዓ.ም.

አንዳርጌ

እንደምን ነህ። አንተ በዪኝ ብለህ ስትለምነኝ ከርመሃል፤ ይኸው ጊዜው ደረሰ።

ከክፍሉ ውጭ ስላስቆዩህ የተናገርኩትን አልሰማህም። "ምስክሯ አላጸናችልህም" ብለው ብቻ አሰናበቱህ፤ አንተም "ምን ብለሽ ነው?" ብለህ ጻፍክልኝ። ልንገርህ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ስማው።

በረከት ለእኔ ወንበር ሰጠኝ። መጽሐፍ ቅዱስ አስይዞ አስማለኝ። በመስኮቱ አንተን አሳይቶ "ይህን ሰው ያውቁታል?" አለኝ። ባርኔጣህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ ነበር። ከስተሃል። "አውቀዋለሁ፣ አንዳርጌ ነው" አልኩ። "ክንፈ ገብርኤል የሚባል መምህርስ?" አለኝ። ጠመኔ ሲሰርቀኝ የነበረው ልጅ ፊቴ ድቅን አለ፤ አልዋሽህም። ከዚያ ግን ዱላው ታየኝ። "እንዲህ የሚባል መምህር አላስታውስም" አልኩ። "የአባታቸው ስም እኮ አንድ ነው" አለኝ። "ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ" አልኩት። ከራሴ የጨመርኩበት የለም፤ ቃሉ ያንተው ነው።

በረከት እርሳሱን አስቀምጦ አየኝ። የገባው ይመስለኛል። አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ቃል ገብተሽልኝ አልነበረም ወይ ትለኛለህ። ደብዳቤዎቼ እጅህ ላይ ናቸው፣ አንብባቸው። እመጣለሁ አልኩ፤ በዚህ ጉልበቴ ተሳፍሬ መጣሁ። እመሰክርልሃለሁ ያልኩበት መስመር ካገኘህ አሳየኝ። ጽሑፍ ይሻላል ያልኩህ ለዚህ ነው።

የይግዛው ውሳኔ ደርሶኛል፤ አበሉ ተፈቅዷል። በመጀመሪያው ክፍያ የመቃብሩን ድንጋይ አስጠርቤ ሁለቱንም ስም አስቀረጽኩበት፤ ላዩ ገብረ መድኅን፣ ታቹ ይግዛው። ጀላል ድንጋዩን በመኪናው አመጣልኝ። አሁን ማንም መጥቶ ሁለት ሰው ነው የሚል የለም።

በነፃ አምልጠሻል አትበለኝ። በሐሰት ምያለሁ። ወዲያው ለንስሐ አባቴ ለቄስ ቀለመወርቅ ተናገርኩ። አዘኑ። "ሄደሽ ቃልሽን ካላቃናሽ አልፈታሽም፣ አትቆርቢም" አሉኝ። አርባ ዘመን የቆረብኩ ሴት ነኝ። አሁን ቅዳሴ ሲደርስ ከቅጽሩ ውጭ ከድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሴቶቹ ምን ሆና ነው ይባባላሉ። ይከብደኛል። እንደሚከብደኝ አውቄ ነው የገባሁበት። አንተን የሚያስከፍልህን ሳሰላ የእኔንም አብሬ አስልቼዋለሁ።

ይግዛው በሕይወት ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ በጻፍክበት ሳምንት ተነሥቶ ይመጣና ይመሰክርልህ ነበር። ለምን አደረግኸው ብዬ ብቆጣው "ልጆች አሉት" ነበር የሚለኝ። ይህን አውቀዋለሁ፤ ሲያስለቅሰኝም ያድራል። ግን እሱ ሞቷል፣ እኔ ደግሞ ይግዛው አይደለሁም።

የክፍሏን ነገር ለአከራይዋ ንገራት፤ በከንቱ እንዳታቆይብህ። ብሩክታዊትን ሳምልኝ፤ እሷ ምንም አላደረገችም።

ስምህን ግን እንደረሳሁት እንዳይመስልህ። የጠፋብኝ ለጡረታ ቢሮ ብቻ ነው። ቀንህ ሲደርስ፣ እኔ ቀድሜህ ካልሄድኩ፣ እመጣለሁ። ከጥዱ ሥር እቆማለሁ። ካህኑ "ነፍሰ ገብርከ ክንፈ ገብርኤል" ብለው ሲጠሩህ አማትቤ፣ ከጎኔ ለቆመው ሁሉ፣ አዎ፣ አንዳርጌ ማለት እሱ ነው፣ በደንብ አውቀዋለሁ እላለሁ።

ወለተ ሥላሴ